ሁለተኛው የአበባ ተራ

ጸጥታ የሚወድ ሰው ኔዘር ኩም ይምጣ። ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው፤ አሁንም የምኖረው እዚሁ ነው፤ ስለዚህ አፌን ሞልቼ ብናገር ማንም አይታዘበኝም። ከለንደን የሚመጡ እንግዶች ኮረብታው ላይ ይቆሙና በጎቹን፣ የድንጋይ ቤቶቹን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማማ አይተው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» ይላሉ። እኛም ፈገግ እንላለን። ሰው ዝም ካለ ሰላም ነው ብለው የሚያምኑ የዋሆች ናቸው። እኛ መንደር ውስጥ ሰው ድምፁን ሳያሰማ፣ እጁን ሳያነሳ፣ «ይቅርታ» እና «አመሰግናለሁ» እያለ ሌላውን ጉድ ሊሠራው ይችላል። ተሠርቶም ያውቃል፤ በዚያ ነገር የኔም እጅ አለበት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ከመንገዳችን ጫፍ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ሚስስ ኢዲት ቪከሪ የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰላምታቸው እንኳ በልክ የተቆረጠ ሴት ናቸው። ባላቸው ሚስተር አርተር ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሁልጊዜ አትክልታቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ነው የማያቸው። በየጠዋቱ ከመላጨታቸው የተነሳ አገጫቸው እንደ ተላጠ እንቁላል ያበራ ነበር። ታዲያ አንድ የሚያዝያ ጠዋት እኚህ ሰውዬ ድንገት ጠፉ። እናቴን የት ሄዱ ብዬ ብጠይቃት፣ ስታንበሪ ናቸው አለችኝ። ምን ሊያደርጉ ብላት ድንቹን መላጧን ሳታቋርጥ፣ «ስለዚህ ነገር አናወራም፣ ታምዚን» አለች።

እኛ ቤት የማይወሩ ነገሮች ብዙ ነበሩ። በሽታ አይወራም፣ የአጎቴ የሬጂ ፍቺ አይወራም፣ አባቴ ለምን ጋዜጣውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊቱ ላይ እንደሚይዝ አይወራም። ስለዚህ ልጅ ሆኖ እኛ ቤት ያደገ ሰው የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ስታንበሪ ደግሞ ከመንደራችን በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ የሆነች ከተማ ናት። ሰው እዚያ ሄዶ ወይ ጫማ ይገዛል ወይ ጥርሱን ይነቀላል፤ ከዚያ ይመለሳል። የማይመለስበት ምክንያት በኔ ጭንቅላት አንድ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን በየአስራ አምስት ቀኑ ከሚመጣው የቤተ መጻሕፍት መኪና የግድያ ታሪኮች እየተዋስኩ አነብ ነበር። በነዚያ መጻሕፍት ጸጥ ባለ መንደር የጠፋ ባል ሁልጊዜ የሚገኘው ከጽጌረዳው ሥር ነው። ሚስስ ቪከሪም ጽጌረዳ ነበራቸው። ያን ዓመት ደግሞ ጽጌረዳው ጉድ እስኪባል አበበ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሚስተር አርተርን ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ ጎናቸው ከድቷቸው ነበር። የገቡትም ስታንበሪ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ለልጅ ግን አይነገርም፤ ለአዋቂም ቢሆን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ በአራት ሰዓት፣ አንድ አውቶቡስ ወደ ስታንበሪ ይሄዳል፤ በስምንት ሰዓት ይመለሳል። ሌላ የለንም። ሚስስ ቪከሪ መንዳት አያውቁም ነበርና በየቅዳሜው ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሰማያዊ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ይዘው ይሳፈራሉ። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ እሰልላለሁ። ቅርጫቱ ውስጥ ምን እንዳለ ስገምት ብቻዬን ደስ እያለኝ እንቀጠቀጥ ነበር። ሚስተር አርተር ትልቅ ሰው ናቸው፤ በአንድ ቅዳሜ አያልቁም።

ከዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከሚስስ ቪከሪ ጋር ሁልጊዜ አምስት የመንደራችን ሰዎች ይሳፈራሉ። ሰዎቹ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ፤ ቁጥራቸው ግን አምስት ነው፣ አንድም ቀን አራት ሆኖ አያውቅም። ሁሉም መኪና አላቸው። ሚስተር ሄዘርሌይን ለምሳሌ ውሰዱ፤ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር፣ የመንደሩ ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ አረንጓዴ መኪናቸውን በየእሁዱ እንደ ሕፃን የሚያጥቡ ሰውዬ፣ አውቶቡስ ላይ ምን ያደርጋሉ? ኦርጋን የምትጫወተው ሚስ ለግም፣ ላንድሮቨር ያለው ገበሬው ጄም ታከርም እንዲሁ። ባዶ ቅርጫት ይዘው ይሄዳሉ፤ ባዶ ቅርጫት ይዘው ይመለሳሉ። ደግሞ ሁሉም ከሚስስ ቪከሪ ኋላ እንጂ ፊት አይቀመጡም።

ምስጢሩ የተገለጠልኝ ማንኪያ ስፈልግ ነው። እናቴ የቤተ ክርስቲያኑ የአበባ ተራ ኃላፊ ነበረች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ሥልጣን የለም። መሠዊያው አጠገብ የሚቀመጠውን አበባ በየሳምንቱ ማን እንደሚያዘጋጅ የምትወስነው እሷ ናት። ተራዬ ተዘለለ ብላ ስድስት ዓመት ያኮረፈቻት ሴት ነበረች፤ እናቴ ግን ማኮረፏን ያወቀችው ሴትዮዋ ስትሞት ነው። የተራው ዝርዝር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይለጠፋል። እኔ ያን ቀን በወጥ ቤቱ መሳቢያ ያገኘሁት ግን ሌላ ዝርዝር ነው። በእናቴ ቆንጆ ጽሕፈት «ሁለተኛው የአበባ ተራ» ይላል፤ ከሥሩ ቅዳሜዎቹ፣ ከየቅዳሜው ጎን አምስት አምስት ስም። ለአንድ ማስቀመጫ አበባ አምስት ሰው! ከመካከላቸው ደግሞ ጄም ታከር አለ፤ ጽጌረዳን ከጎመን መለየቱ የሚያጠራጥር ሰው። ነገሩ ገባኝ። ይህ የአበባ ተራ አይደለም፤ የጥበቃ ተራ ነው። መንደሩ ገዳይዋን ያውቃል፤ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ በየተራ ይከታተላቸዋል። እናቴም የሰላዮቹ አለቃ ናት። በእናቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን እውነተኛውን ስሙኝ። ሚስተር አርተር መጦሪያ በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ሚስተር ሄዘርሌይ አጥር ላይ ተደግፈው፣ ቅዳሜ ስታንበሪ የሚያደርሰኝ ጉዳይ አለኝና ምናልባት ከፈለጉ ብለው ጀመሩ። ሚስስ ቪከሪም፣ «ኧረ እኔ እርስዎን አላስቸግርም፤ አውቶቡስ አለልኝ» አሉ። አለቀ። እኛ መንደር አንድ ሰው አንዴ «አላስቸግርም» ካለ ማኅተም ተመቶበታል። ሁለተኛ መጠየቅ በር ሰብሮ እንደ መግባት ነው። በግንቦት ደግሞ ከአውቶቡስ ድርጅቱ ደብዳቤ መጣ፤ አውቶቡሱ ከስድስት ሰው በታች እየጫነ ከሄደ ይቀራል የሚል። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ሴትዮዋ በር ላይ ቆሞ «ይነሱ፣ እንሂድ» ይላል። የኛ ሰዎች ግን እናቴ ወጥ ቤት ተሰብስበው ሻይ ጠጡና በየቅዳሜው አምስት ሰው በተራ እንዲሳፈር ወሰኑ፤ ሚስስ ቪከሪ ግን ጭራሽ እንዳያውቁ። አንዲትን ሴት አፍ አውጥቶ ከመለመን ሠላሳ ሰው ዓመቱን ሙሉ በአውቶቡስ ማመላለስ ቀለላቸው። ይሉኝታ እንዲህ ያደርጋል።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ፣ እናቴን ቅዳሜ ከሚስ ለግ ጋር ስታንበሪ ልሂድ ብዬ ለመንኳት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ፣ ፊቷ በራ! «ሰባት ትሆናላችሁ» አለች ለራሷ። እኔም ዝርዝሩን ከመሳቢያው አውጥቼ አጣጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ማስረጃ ሳይዙ ወደ ወንጀለኛ አይቀረብም።

የአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ የማናውቀው ሰው ተቀምጧል። ግራጫ የዝናብ ልብስ ለብሷል፤ ጉልበቱ ላይ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ። ተሳፋሪው ሁሉ አየውና ሁሉም እንዳላየው ሆነ። ሚስተር ሄዘርሌይ ብቻ ድንገት ድምፃቸው ከፍ አለ። ይህ አውቶቡስ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር እያሉ ለሚስ ለግ ያስረዳሉ፤ ኪሳቸው ውስጥ የመኪናቸው ቁልፍ ይንቃጨላል። እኔ ሰውየውን ባየሁት ቅጽበት ማን እንደሆነ ለይቻለሁ። ያለ ዩኒፎርም የመጣ መርማሪ ነው።

ሄጄ ከሚስስ ቪከሪ አጠገብ ተቀመጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ የጄም ታከር በጎች መንገድ ሲያቋርጡ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጨርቁም ከቅርጫቱ ላይ ተንሸራተተ። አየሁ። አንድ የእንጆሪ ማርማላታ፣ አንድ ትንሽ ፎጣ፣ ከዚያ የመላጫ ብሩሽ፣ ከዚያ ምላጭ። ያ የድሮው፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው፣ የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለው ምላጭ። ሚስስ ቪከሪ ማየቴን አዩ። ጨርቁን መልሰው ሸፈኑና ወደ መስኮቱ እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አርተር ከኔ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈልግም። ነርሶቹ ሲሞክሩ ያለቅሳል።» የጨርቁን ጠርዝ አስተካከሉ። «አንገቱ ሥር ሲደርሱ ነው ጥንቃቄው። እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም።»

እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ዛሬ ሳስበው፣ ያቺ ሴት ከመንደሩ ለማንም ያልተናገሩትን ለኔ ነው የነገሩኝ፤ ምናልባት ልጅ ስለሆንኩ፣ ምናልባት ብቻቸውን መሸከሙ ስላቃታቸው ብቻ። እኔ ደግሞ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከዚህ የበለጠ የእምነት ቃል ምን አለ?

ስታንበሪ ስንደርስ እሳቸው መጦሪያው ጋ ወረዱ፣ እኛ ገበያው አደባባይ። ጫማ ልይ ብዬ ሚስ ለግን ሸሸኋትና ሰላዮቹን ሰለልኩ። አምስቱም አንድ ሻይ ቤት ገቡ። አብረው አይደለም፤ አንድ በአንድ፣ በየአምስት ደቂቃው። ከዚያ አምስት ጠረጴዛ ለየብቻ ያዙ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጄም ታከር ግድግዳ እያየ፣ ሚስ ለግ የስኳር ማንኪያውን እያገላበጠች፣ ሚስተር ሄዘርሌይ ትናንት ያነበቡትን ጋዜጣ እንደገና እያነበቡ ተቀመጡ። አንዱ ከሌላው ጋር ዓይኑ ሲጋጭ «ኦ! እርስዎም እዚህ ኖረዋል?» በሚል አኳኋን ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በመስታወቱ ሳያቸው የሠለጠነ ሰላይ ማለት እንዲህ ነው አልኩ። አሁን ሳስበው የማፍረው እኔ ነኝ፤ እነዚያ ሰዎች ግማሽ ቅዳሜያቸውን የገበሩት ለፍቅር ነበር። ግን ፍቅሩን በየጠረጴዛው ለየብቻ ካልጠጡት አይወርድላቸውም።

ስንመለስ ሰውየው ከነሰሌዳው የኋላ ወንበሩ ላይ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከፊት የተቀመጡት አንዳቸውም ዘወር አላሉም፤ ዘወር ማለት ነውር ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይሞላል?» አለኝ፣ ለወሬ ያህል።

«እነሱ እውነተኛ ተሳፋሪዎች አይደሉም» አልኩት በሹክሹክታ። «ሁሉም መኪና አላቸው። በተራ ነው የሚመጡት፣ እሳቸውን ለመጠበቅ።» ካልሲዬ ውስጥ እጄን ሰድጄ ዝርዝሩን አወጣሁና ሰጠሁት። «እናቴ ናት የጻፈችው። መሳቢያ ውስጥ ነው የምትደብቀው።»

ሰውየው ወረቀቱን ዘርግቶ ብዙ አየው። ስሞቹን፣ ቀኖቹን። ከዚያ ከፊት ያሉትን ስድስት ማጅራቶች፣ ከሁሉም ፊት ሰማያዊውን ባርኔጣ አየ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ከፋ።

«ይህን ባታሳዪኝ ይሻለኝ ነበር፣ የኔ ልጅ» አለ።

ለደኅንነቴ ሰግቶ መሰለኝ። አይዞህ፣ አልፈራም አልኩት። ከኪሱ የናና ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከዚያ እስከ መንደራችን ድረስ እርሳሱን ይዞ ምንም ሳይጽፍ ቆየ። ልንደርስ ስንል ግን ጻፈ። ወረቀቱንም አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

በመስከረም መጨረሻ ማቆሚያው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አውቶቡሱ ቀረ፤ ያ ባለ ሰሌዳ ሰውዬ ለካ ድርጅቱ ተሳፋሪ እንዲቆጥር የላከው ነበር። መንደሩ ተቆጣ፤ ቁጣችንን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ሚስተር ሄዘርሌይ «በጣም ያሳዝናል» አሉ። ሚስ ለግ እሁድ ዕለት መዝሙሩን ትንሽ ፈጠን አድርጋ ተጫወተች። ጄም ታከር በሬውን ተሳደበ። ሚስስ ቪከሪም ማስታወቂያውን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡና ወደ ቤታቸው ገቡ። እንግዲህ ጨዋታው ስላለቀ ቢያንስ አንድ ሰው ሄዶ ያንኳኳል ትሉ ይሆናል። ምን ብሎ? እሳቸው አንዴ «አላስቸግርም» ብለዋል። ታክሲ ደግሞ እኛ ዘንድ ለሠርግና ለቀብር ነው፤ በሌላ ቀን በራቸው ላይ ቢቆም መንደሩ ሁሉ ምን ሆኑ ይላል።

ይልቅስ ሌላ መላ መቱ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት፣ ልክ አውቶቡሱ ይመጣበት በነበረው ሰዓት፣ ባለ መኪኖቹ አንድ በአንድ ወደ ስታንበሪ መንዳት ጀመሩ። በሚስስ ቪከሪ ቤት ሲያልፉ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ያነሳሉ። መኪናው በእግሩ ይሄዳል ሊባል ምንም አይቀረው። ሴትዮዋ ብቅ ብለው እጃቸውን ቢያነሱ፣ ወይ አጥሩ ጋ ቢቆሙ፣ «ኦ! እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው፣ እኔም ወደዚያው ነኝ» ሊሉ ተዘጋጅተዋል። እናቴም ትነዳ ነበር። የፊቱን ወንበር ባዶ ለማድረግ እኔን ከኋላ ታስቀምጠኛለች። እዚያ ቤት ፊት ስትደርስ አንገቷን ቀጥ አድርጋ መንገዱን ብቻ ታያለች፤ የሰው መስኮት ማየት ነውር ነውና።

እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ አያለሁ። ሚስስ ቪከሪ ከመጋረጃው ኋላ ቆመዋል። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል። ሰማያዊ ባርኔጣቸውን ደፍተዋል። ቅርጫቱ ክንዳቸው ላይ ነው። በየቅዳሜው፣ አሥራ አንድ ቅዳሜ፣ እዚያው ቦታ። እኔም በልቤ፣ ገዳይዋ ቤታቸው ውስጥ እንደታሰሩ ናቸው፣ ለማምለጥ ቢዘጋጁም መንደሩ በመኪና እየዞረ ይጠብቃቸዋል እላለሁ። እንዲያውም አንዴ እጄን አውለብልቤላቸዋለሁ፣ ለማብሸቅ። እሳቸውም አውለበለቡልኝ።

በዚህ መሀል ሚስተር ሄዘርሌይ አንድ ቅዳሜ መጦሪያው ገብተው ሚስተር አርተርን አዩ። ተመልሰው ለእናቴ በር ላይ ቆመው ሲነግሯት ሰማሁ። ጺም አሳድገዋል፤ ማንንም አላስነካም ብለዋል፤ በሩን በሩን ያያሉ። እናቴ «ምናልባት ያምርባቸው ይሆናል» አለች። ሚስተር ሄዘርሌይም ያምርባቸዋል አሉ። ለሚስስ ቪከሪ ላለመንገር ተስማሙ፣ እንዳያሳስቧቸው። እኔ ይህን ስሰማ ትንሽ ግራ ገባኝ። የሞተ ሰው ጺም ያሳድጋል እንዴ?

በመሀል አንድ ነገር ልናዘዝ፣ እነሱን ብቻ ሳማ እንዳልውል። ጎረቤቴ ሚስተር ዴንዚል ክሮከር ዘንድሮ ዓይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃዳቸውን መልሰዋል። እህታቸው እዚያው መጦሪያ ውስጥ ናት፣ እናቴ ካለችበት ሁለት ክፍል አልፎ። እናቴ አሁን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሚስተር አርተር የነበሩበት ሕንፃ ውስጥ ነው ያለችው፣ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። እኔ በየቅዳሜው በሚስተር ክሮከር በር አልፌ እሄዳለሁ። አንዴ እንዴት ነው የሚመላለሱት ብላቸው፣ አታስቢ፣ አንቺን አላስቸግርም አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? በራቸው ስደርስ ቀስ እላለሁ።

ሚስተር አርተር የሞቱት በታኅሣሥ፣ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ነው። ለቀብሩ ጥቁር ልብስ ሲያለብሱኝ ነው የገባኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። አንድ ሰው ሁለቴ አይሞትም። አፍሬ ለማንም አልተነፈስኩም፤ የናና ከረሜላው ጣዕም ግን አፌ ውስጥ መጣ።

ከቀብሩ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ነበር። ኬኩ የጉድ ነው፤ ሁሉም ሠርቶ መጥቷል። ሁሉም ሥነ ሥርዓቱ ደስ ይላል ይባባላል። ሚስስ ቪከሪ ሰማያዊ ባርኔጣቸውን አልደፉም፤ የደፉት ጥቁር ነበር። ዞረው ሰዎቹን አንድ በአንድ እየጨበጡ አንድ ቃል ይላሉ። እናቴ ጋ ሲደርሱ ሰማሁት።

«ስለ ቅዳሜዎቹ አመሰግናለሁ።»

«የትኞቹ ቅዳሜዎች?» አለች እናቴ፣ ደሟ ፊቷ ላይ ወጥቶ።

«እሺ» አሉ ሚስስ ቪከሪ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

ለካ ያውቁ ኖሯል። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ያውቁ ነበር። አምስት ሰው ከኋላቸው ተቀምጦ ሲሄድ እንዴት አያውቁ? አውቀው ዝም አሉ፤ መንደርተኞቹም እንዳላወቁ ሆነው ዝም አሉ። ሚስስ ቪከሪ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረው ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሞቱ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የእናቴን ጥፍር እየቆረጥኩላት ነበር። ይህንን የማደርገው እኔ ነኝ፤ ነርሶቹ ሲነኳት አትወድም። ቀኝ እጇን ጨርሼ ግራውን ስይዝ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «ያን ወረቀት አንቺ ነሽ የወሰድሽው» አለች።

የቱን ወረቀት አላልኩም። እንደዚያ ያለ ድራማ በኛ ዕድሜ ያስጠላል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ?» አለች። «እኔ እኮ ቀስ እል ነበር። አሥራ አንዱንም ቅዳሜ ቀስ ብያለሁ። እጃቸውን ቢያነሱ ኖሮ እቆም ነበር። አላነሱም» አለች።

አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ራሷን ስታጽናና እንደኖረች የገባኝ ያኔ ነው። ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ፤ ጡት ያጠባችኝ እሷ፣ ዝምታን ያስተማረችኝ እሷ። ግን መኪናው ውስጥ ሆኖ ሁለቱንም ወገን ያየ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የፊቱን ወንበር ባዶነትም፣ መስኮቱ ጋ የቆሙትንም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ከኋላ ወንበር «እማዬ፣ ለብሰው ቆመዋል» ብል ኖሮ ያቺ መኪና ትቆም ነበር።

«ኮታቸውን ለብሰው ነበር» አልኳት። «መስኮቱ ጋ። በየቅዳሜው።»

እናቴ እጇን አልነጠቀችኝም። በመስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው አየች። የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ብዙ አየች።

«ባርኔጣቸውንም?» አለች።

በዚያ ዘመን ሴት ወጥታ ለመሄድ ካልቆረጠች ባርኔጣ አትደፋም።

«ባርኔጣቸውንም» አልኩ።

ዓይኖቿ በእንባ ሞሉ። ከዚያ ሌላውን እጇን ዘረጋችልኝ፤ መጨረሴን ረስታው ነው። እኔም ዝም ብዬ ያንኑ እጅ እንደገና ያዝኩ።

ከዚያ በቀጠለው ቅዳሜ በአራት ሰዓት ሚስተር ክሮከር በር ላይ ስደርስ ቀስ አላልኩም። ቆምኩ። ከዚያ ኔዘር ኩም ውስጥ ማንም ሰው ያላደረገውን ነገር አደረግኩ፤ የመኪናዬን ጡሩምባ ነፋሁ፣ ረጅም፣ ያለ ይሉኝታ። የመንገዱ መጋረጃዎች ሁሉ ተነቃነቁ። ቁራዎቹ እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ተነሱ። የሚስተር ክሮከር በር ወዲያው ተከፈተ፤ ቁልፉን ይዞ ከኋላው የቆመ ሰው ከሌለ በስተቀር በር እንዲያ አይፈጥንም።

«እንዳላስቸግርሽ ብዬ እኮ ነው» አሉ።

«ያስቸግሩኛል» አልኳቸው። «ይግቡ።»

የፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀበቶውን ማግኘት አቅቷቸው እኔ አሰርኩላቸው። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ለእህታቸው የያዙት ብስኩት ጉልበታቸው ላይ ነው፤ የብስኩቱ መጠቅለያ ከመያዝ ብዛት ጠርዙ ተጨማዷል። ለስንት ቅዳሜ ለብሰው እንደቆሙ አልጠየቅኳቸውም። ሁሉም ነገር ልክ አለው፤ እኔም ምንም ቢሆን የኔዘር ኩም ልጅ ነኝ።